እርሳስሽን የማያጠፋ ስካነር ፍለጋ

ለባለቤቴ ለየሺወርቅ፣

ከተለያየን ዓመት አለፈን። ያኔ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር የሸኘንሽ፤ ይኸው ሌላ ክረምት ገብቶ የጉና ጉም ማለዳ ማለዳ እስከ ደጃችን ይወርዳል። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ያለሽበት ከኛ ይልቅ ሰላም መሆኑን ቄሶቹ ነግረውኛል፤ እኔም ተቀብያለሁ። የቤትሽን ወሬ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይነግርሽም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም የሚሉ አሉ። ይበሉ። ዕድሜዬን ሙሉ አይሆንም የተባልኩትን ስሠራ ኖሬ አሁን አልታረምም።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልሽ ዋሸሁ። ፎቶ የምናጥብበት ጨለማ ክፍላችን የድንች ማስቀመጫ ሆኗል። ማጠቢያው መድኃኒትም፣ ማተሚያው ወረቀትም ከገበያ ከጠፋ መቆየቱን አንቺም ታውቂያለሽ። ትልቁ የእንጨት ካሜራ ጨርቁን ተከናንቦ ጥግ ላይ ቆሟል። ከደጅ የባጃጅ ጩኸት ጨምሯል። ልጃችን መሠረት ከባሕር ዳር እየተመላለሰች ትጠይቀኛለች፤ በመጣች ቁጥር «አባባ፣ ይምጡና እኔ ጋ ይኑሩ» ትላለች፤ እኔም በመጣች ቁጥር እምቢ እላለሁ። ፊልም ላይ ያለውን የሰው ፊት በእርሳስ የምታሳምሪበትን ጠረጴዛሽን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። መሐሉ ላይ የገባው መስተዋት፣ እርሳስ የምታሾይበት የብርጭቆ ወረቀት፣ ያቺ እንደ መርፌ የቀጠነች እርሳስሽም ሳትቀር እንደተውሻት አለች።

የቀብርሽን ዕለት ነገር ልንገርሽ። አልቃሾቹ ክብ ሠርተው ሲቆሙ «ፎቶዋን አምጡ» ተባለ። እኛ የስንቱን ሟች ፎቶ በማለዳ አትመን አስረክበናል! ከፍ አድርገው ይዘውት፣ ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ ከሩቅ ሰምተናል። ያን ቀን ግን ከፎቶ ቤት ፎቶ ጠፋ። ሌላ ቢያጡ ከቀበሌ መታወቂያሽ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ አስተልቀው አመጡ። ማኅተሙ አገጭሽ ላይ አርፏል፤ ዓይንሽ ከፍላሹ ሸሽቶ ሊጨፈን ምንም አልቀረውም። ልቅሶው ሲነሳ እኔ የማየው ማኅተሙን ነበር። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «የፎቶ አንሺ ሚስት እኮ ናት!» ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው።

እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ። የሰው ፊት ስታሳምሪ ውለሽ፣ ተራው የራስሽ ሲሆን «ዛሬ ፊቴ አልሆነም» ትያለሽ። መሠረት ስልኳን ስታነሳብሽ ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ትስቢያለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፍኩሽ። የጥምቀት ማግሥት ነጩን ቀሚስሽን እንደለበስሽ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩሽና በትልቁ ካሜራ አነሳሁሽ። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ በካሜራው መስተዋት ሳይሽ፣ ተገልብጠሽ ትስቂ ነበር። ፊልሙን አጥቤ እንደማንኛውም ደንበኛ ፊልም ጠረጴዛሽ ላይ አኖርኩልሽ። ከዚያ በኋላ ስጠይቅሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ቀደሽ የጣልሽው መስሎኝ ተውኩት።

አልቀደድሽውም። አርባሽ ካለፈ በኋላ መሳቢያሽን ስከፍት ከብርጭቆ ወረቀቶችሽ ሥር፣ በፖስታ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ፀጉርሽ ነጭ፣ ጥርስሽ ጥቁር፣ ነጠላሽ ከሰል። ኔጋቲቭ ማንበብ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ የስንቱን ሰው ፊት ከመታተሙ በፊት አውቄዋለሁ። የገዛ ሚስትን ከኔጋቲቭ ማንበብ ግን አልሆነልኝም። ደግሞ ፊልሙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ጠርዙም መጨማደድ ጀምሯል። ያ ሽታ ከመጣ ፊልሙ ተበላሽቶ እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። በሙት ዓመትሽ ያ ማኅተም ዳግመኛ ፊትሽ ላይ እንዳይቆም ማልኩ። አትሜ እንዳላወጣሽ ወረቀት የለም። የቀረው ስካነር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከገበያው በላይ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ልጅቷ ፊልሙን አስተኝታ ክዳኑን ዘጋችና፣ ጥቁር ወረቀት አወጣችልኝ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ተቃጥሏል» አለችኝ። አልተቃጠለም። የሷ ማሽን የሚያበራው ከታች ብቻ ነው፤ ፊልም ደግሞ ብርሃን ካላለፈበት ምንም አይናገርም። አንቺ ጠረጴዛሽን ቀደሽ መስተዋት ያስገባሽው ለዚሁ አልነበር? በሌላ ቀን መሠረት ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፋ በስልኳ አነሳችው። ፊትሽ ከጎረቤት አጥር ጋር ተደርቦ ወጣ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ትንሽዬ የፊልም ስካነር ነበረው፤ የሚያስገባው ቀጭኑን ፊልም ብቻ ነው። በቅንነት «ለአራት ቢቆረጥ በየተራ አስገብቼ እገጥመዋለሁ» አለኝ። ፊልሙን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ሰላምታም አልሰጠሁት፤ በማግሥቱ ተመልሼ ነው የሰጠሁት።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ካሜራውን ማን አስተማረኝ? ሣጥኑ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ ነው። የስካነሩንም ነገር ከመሠረት ስልክ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የማይገባኝን እሷን እያስተረጎምኩ ተማርኩት። የሚያስፈልገኝ ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው ነው። መብራቱም ጠባብ መስመር ከሆነ የኛን ትልቅ ፊልም ግማሹን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል፤ ሙሉውን የሚያበራ መሆን አለበት። ሌላም ነገር አለ። እኔ ያን ቀን ብርሃን አብዝቼብሽ ነጠላሽ ፊልሙ ላይ ጠቁሮ ወፍሯል፤ ደካማ ማሽን ያን ውፍረት ሰርስሮ ጥለቱን አያወጣውም።

ከመሠረት ጋር አዲስ አበባ ወረድን። ያንቺን ፊልም አልያዝኩም። ለመሞከሪያ የያዝኩት የዘሐራን ነው፤ ያቺ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ጓደኛሽ ሙሽራ ሳለች ያነሳኋትን። ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ በእርሳስሽ ሞልተሽ ስላጠፋሽላት «ባሌ ያገባው እኔን አይደለም፣ የየሺን እርሳስ ነው» እያለች ስንት ዓመት አሳቀችን።

ባለሱቁ አዲስ ማሽን አቀረበልን። ክዳኑ ሙሉ ይበራል፣ ፈጣን ነው። «አባቴ፣ ይሄ ጭረቱንም አቧራውንም ራሱ ነው የሚያጸዳው፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ማየት ነው» አለኝ። መሠረት ወደደችው። የዘሐራን ፊልም አስተኛንና ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ዘሐራ ቅንድቧ ብል እንደበላው ጨርቅ ሆኗል። ግንባሯ ላይ አንቺ አንድ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለሽ የሠራሽው ቦታ ተልጦ በምትኩ ግራጫ ልስን ተለስኗል። ማሽኑ እርሳስሽን ቆሻሻ ነው ብሎ ጠርጎታል። «ይህን ማጽጃውን ዝጋው» አልኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፤ አይዘጋም።

ሰውየው ጨዋ ነው። አልተከራከረኝም። «እውነት ለመናገር ለጥቁርና ነጭ ፊልም ይሄ ነገር አይሆንም ይላሉ» አለና ከጓዳ አንድ ያገለገለ አሮጌ ማሽን ተሸክሞ አመጣ። ከባድ፣ አዝጋሚ፣ ክዳኑ የተጫረ፤ ማጽጃው ግን አንድ ቦታ ሲነኩት ይዘጋል። ዘሐራ በዚያኛው ላይ ከነእርሳስሽ ወጣች። ጠጋ ብዬ ሳይ እያንዳንዷ የእርሳስ ጭረት ትታያለች፤ ስንዴ የተዘራ ትመስላለች፣ ቀጫጭን፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ። በወረቀት ስናትም እንዲህ ታይተውኝ አያውቁም። መሠረት እጄን ያዘችና «ዋስትና የሌለው አሮጌ ዕቃ ይዘን ልንሄድ ነው?» አለችኝ። አሮጌውን ይዘን ተመለስን። በመንገድ ላይ የአውቶቡሱን ረዳት አላምነውም ብዬ ጭኔ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ያንቺን ፊልም ስናስገባ መጀመሪያ መብራት ሄደ። ሲመጣ ደግሞ ፊትሽ ላይ ውኃ ላይ ዘይት የፈሰሰ የሚመስል ቀለበት ቀለበት ወጣ። መሠረት ፊልሙ መስተዋቱን እንዳይነካ ትንሽ ከፍ ይበል አለች። እኔ ፊልም መስተዋት ላይ ካልተኛ አይጠራም ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ከጫማ ካርቶን ክፈፍ ቆርጣ ፊልሙን በሱ ላይ አሳረፈችው። ቀለበቱ ጠፋ። ልክ ነበረች። ለሷ አልነገርኳትም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልሽ መጣሽ። ሹሩባሽ፣ ግንባርሽ፣ ያ የማይደበቅ ሳቅሽ። መሠረት «እማዬ!» ብላ ጮኸች። እኔ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ፤ አንድ ነገር ልክ አልመጣ አለኝ። ቀኝ ጉንጭሽ እንደ ሙሽራ የለሰለሰ ነው፤ ከዓይንሽ ሥር እስከ አፍሽ ጥግ ጭረቶችሽ ተሰድረዋል። ግራው ግን አልተነካም። ከሳቅሽ ጋር የሚመጡት መስመሮች፣ ከዓይንሽ ሥር ያለው ድካም፣ የማድያቱ ጥላ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። አፍንጫሽ ላይ ስትደርሺ አቁመሻል። ዓይንሽ ደክሞ ይሁን፣ ሥራ መጥቶ ይሁን፣ የራስን ፊት ማሳመር አሳፍሮሽ ይሁን አላውቅም። የምጠይቀው ሰው የለኝም።

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። መሠረት «ኮምፒዩተር ላይ ግራውን እንደ ቀኙ ማድረግ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ላስተካክላት» አለች። አይሆንም አልኳት። «አባባ፣ እናቴን ግማሽ ፊት አድርጌ ሰው ፊት አላቆማትም! በቀብሯ ማኅተም፣ በሙት ዓመቷ ደግሞ ይሄ?» ብላ አለቀሰች። ልቅሶዋ አልጠፋኝም። ግን አንቺ ባቆምሽበት ላይ ሌላ እጅ ሊቀጥልበት ነው? እኔ ራሴ እርሳስሽን አንስቼ አላውቅም። ደግሞስ ቀኙን ላጥፋው ብትለኝም እምቢ እላት ነበር። ሁለት ቀን ሳንነጋገር በላን።

በሦስተኛው ቀን ዘሐራ መጣች። መሠረት ትዳኘን ብላ ነው የጠራቻት። ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየችሽ። ቀጥላ ሳቀች። «አይ የሺ! እኔን ሁለቱንም ጉንጭ ጠግና ድራ፣ ለራሷ ሲሆን በአንዱ ቀረች!» አለች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። ወደ መሠረት ዞራ «ልጄ፣ በዚህኛው በኩል እኔን ያሳመረች እጇ አለ፤ በዚያኛው በኩል ራሷ አለች። የቱን ነው የምታጠፊው?» አለቻት። መሠረት ተነሣች። ወደ ኮምፒዩተሩ ሄዳ እንዳለሽ ለህትመት ላከችሽ። ወደ እኔ ግን አላየችም፤ የሷም ደንዳና አንገት የኔ ነው።

በሙት ዓመትሽ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ጸበል ጻዲቁን ሊቀምስ ሲገባ ፎቶሽ ድንኳኑ መሐል ቆመ። ጥለትሽ ክር በክር ይታያል። ሴቶቹ ከፍ አድርገው አነሱሽ፤ ስምሽን ጠርተው አለቀሱሽ። ግማሽ ነው ያለ አልሰማሁም። አንዳንዱ ጠጋ እያለ ቀኝሽን ያያል፤ እኛ ቤት ፎቶ የተነሳ ሁሉ ያን እጅ ያውቀዋል። አንዷ «ይቺስ የሺ ናት» አለች። በቀብርሽ ቀን እንባ አልወጣኝም ነበር፤ ሰው ልቡ ደረቅ ነው ብሎኝ ይሆናል። ያን ዕለት ከወንዶቹ መሐል ተነሥቼ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። ደንግጠው መንገድ ለቀቁልኝ። ከእጃቸው ተቀብዬ እኔው ያዝኩሽ። ክንዴ እስኪዝል አላወረድኩሽም።

አሁን የቀሩትን ፊልሞች በየተራ አስገባለሁ፤ መብራት እስኪሄድ። ማጽጃውን ዘግቼ ነው። የሰው ሁሉ ፊት ላይ እጅሽን አገኘዋለሁ፣ የማላስታውሳቸው ሰዎች ፊት ላይ ሳይቀር። እኔ እስካለሁ ማንም አይደመስሰውም፤ ከኔ በኋላም መሠረት እንድትጠብቀው ነግሬያታለሁ፤ እሺ ብላለች።

ፎቶሽን ከአልጋዬ ትይዩ ሰቅዬዋለሁ። አገሩ ቀኝሽን ያስታውስ፤ በዚያ እጅ አምሯል፣ መብቱም ነው። እኔ እስትንፋሴ እስካለ የማስታውሰው ያልነካሽውን ጉንጭ ነው። በየማለዳው ስነሣ ከጎኔ የነበረው እሱ ነው።

ባልሽ