ባቡሯን ማን ሠራት

ጥር 4

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መካኒሳ፣ ጓደኛዬ ወጋየሁ ግቢ። ባቡሯን አወጣናት። የዝናብ ውሃ ሞላሁ፣ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ ተነሣች። ግቢውን የሚዞረውን ሐዲድ አሥራ አንድ ጊዜ ዞረች። አንድ ሜትር ከስንዝር የምትሆን ባቡር እውነተኛ እንፋሎት ስትተፋ ዛሬም አዲስ ይሆንብኛል። ስድስት ዓመት የለፋሁባት…

ስትበርድ ውሃዋን ደፋሁ፣ ዘይት ሰጠኋት፣ በጨርቅ ወለወልኳት። ውሃው የሚፈላበት ቦይለር ሥር ግን የማልወደው ነገር አየሁ። የብየዳው መስመር ላብ ያወጣል። ብዙ አይደለም፣ ጣት ያረጥባል። ወጋየሁን ጠርቼ አሳየሁት። እስክበይደው እሳት እንዳታስገባባት አልኩት። እሺ አለ። ስልኩን እያየ ነበር።

ጥር 6

ለብየዳው የሚሆን የብር ዘንግ ፈልጌ አጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል አሉኝ። ወገቤን አሞኛል።

ጥር 14

ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ጸደንያ፣ “አባ፣ ቶሎ ና፣ ጋሼ ወጋየሁ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቷል” አለችኝ። ልጄ ደስ ብሏት ነበር የጠራችኝ። ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት። ባቡሯ ከፊቱ እየጨሰች። ያውም እሳት አታስገባባት ብዬው። ጋዜጠኛው ብቻህን ነው የሠራሃት ብሎ ጠየቀው። ወጋየሁ ትንሽ አሰበ። “አንድ ጎረቤት አለ፣ ብሎን በማጥበቅ አግዞኛል” አለ።

ብሎን በማጥበቅ…

ጎረቤቱም አይደለሁም እኮ። እኔ ጎፋ፣ እሱ መካኒሳ። የብረት ጎማዎቹን ቶርኖ ማሽን ላይ አንድ በአንድ ያወጣሁ እኔ። ሲሊንደሮቹ ሦስት ጊዜ ተበላሽተውብኝ በአራተኛው ያቃናሁ እኔ። ፒስተን፣ ቫልቭ፣ ፉጨቷ ሳይቀር። እሱ ምን አደረገ? መዳብ ገዛ። ግቢ ሰጠ። አወራ። እሺ፣ ይሄም ሥራ ነው እንበል።

ግንባሯ ላይ የነሐስ ሳህን አሠርቶ ለጥፏል። ስሙ ተቀርጾበታል። የአያቱ ስም ጭምር።

ጸደንያ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ጥር 15

ደወልኩለት። “ቆርጠውት ነው ገሤ፣ ስለ አንተ ብዙ ብዬ ነበር።” ጸደንያ ቅጂውን ስልክ ላይ አገኘችልኝ። ደጋግሜ አየሁት። የተቆረጠ ነገር የለም። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው።

ሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛዬ ነው። የባለቤቴ ቀብር ላይ ደግፎ ያቆመኝ እሱ ነው። ቂም ያዝኩበት። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 19

የምሠራበት ቶርኖ ቤት ሁሉም አይቶታል። “ብሎን አጥባቂው መጣ” አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ቀኑን ሙሉ ግን ብረት ስቆርጥ እሱን ነበር የምቆርጠው።

ምን ልሥራው? ሄጄ ጎማዎቼን ልፍታ? በር አይከፍትልኝም። ልክሰሰው? ምን ብዬ? ያቺን ሳህን በሞረድ ልፋቅ? ሌላ ያስቀርጻል። ባቡሯን እንኳ አይደለም የምፈልገው። አፉን ነው። በዚያው አፉ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከዚያው ከረባት ጋር እንዲናገር።

የካቲት 1 ሀና ማርያም አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ሊያሳያት ነው አሉ። ማስታወቂያው ላይ ፎቶው አለ።

ጥር 23

ዛሬ ደግሜ ሳየው ሌላ ነገር አየሁ። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም? ፊቱን ብቻ ሳይ ከርሜ ነው።

ግፊቱ አራት ሲደርስ ላይዋ ያለችው ቫልቭ ራሷ ተከፍታ ትርፉን እንፋሎት ትተፋለች። እንደዚያ አድርጌ ነው ሞላዋን ያስተካከልኩት። ቅጂው ላይ መትፋት ስትጀምር ጋዜጠኛው ድምፁ ያስቸግረናል አለ። ወጋየሁ ቁልፍ አነሣና የቫልቯን ዳዶ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። “አሁን ዝም ትላለች” አለ፣ ተሳሳቁ። ወዲያው የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ መርፌው አራትን አልፎ ሲሄድ ይታያል። አምስት። ከዚያ ካሜራው ወደ ከረባቱ ተመለሰ።

ያ ዳዶ እንደታሰረ ነው። መፈታት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት የለም። ከሥር ደግሞ ያ ብየዳ አለ።

ስልኬን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። ብታፈስ ነው አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሥሯን ታረጥባለች፣ እሳቷ ይጠፋል፣ እሱ ያፍራል። ይህን አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ብታፈስ ነው? ብትፈነዳስ? እርግጠኛ ነኝ? አይደለሁም።

አልደወልኩም።

ጥር 29

አሁንም አልደወልኩም። ጸደንያ ቅዳሜ ትሄዳለህ ወይ አለችኝ። አልሄድም አልኳት። እሷም ፋርማሲ ተረኛ ነኝ አለች። ለዳዶው የሚሆነውን ቁልፍ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ።

የካቲት 1

ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ በግራዬ ነው የምጽፈው። ቢሆንም ዛሬውኑ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። መሐል ላይ ሐዲድ፣ ዙሪያውን ገመድ። ከገመዱ ሥር ሕፃናት ወለል ላይ ተደርድረዋል፣ እናቶች ከኋላቸው። ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ወጋየሁ ማይክ ይዞ ያወራል። ባቡሯ ቆማ ትግላለች። ንግግሩ አላልቅ አለ፣ ከሰሉ ደግሞ ጥሩ ከሰል ነበር። የምትተፋበት ሰዓት አለፈ። ጭጭ።

ገመዱን ዘልዬ ገባሁ። አንድ ሰው ሊይዘኝ ሞከረ፣ ቴክኒሻን ነኝ አልኩት። ጌጁን አየሁ፣ አምስት ተኩል። ተንበርክኬ ቁልፉን ዳዶው ላይ አስገባሁ። ወጋየሁ እየሳቀ ጎንበስ አለ፣ ማይኩን ከአፉ አርቆ። ምን እያደረግክ ነው አለኝ።

“ማን እንደሠራት ተናገር። ከዚያ እፈታዋለሁ።”

“ገሤ፣ በኋላ እንነጋገራለን።”

“አሁን። በማይክ።”

ለሰዉ ፈገግ አለ። ወደ እኔ አየ። ጌጁን በጣቴ አሳየሁት። ስድስት። ከሥር የብየዳው ውሃ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ይሰማል፣ ቸስ… ቸስ… ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔም ቁልፉን ሳላዞር አየሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ…

በመጨረሻ ማይኩን አነሣ። “ይህችን ባቡር የሠራት እሱ ነው። ገሠሠ ነው። እኔ አይደለሁም።”

አጨበጨቡ። ፈታሁት። እንፋሎቱ ጣሪያ ነካ፣ እጄን አቃጠለኝ፣ ሕፃናቱ በደስታ ጮኹ። የትርኢቱ አካል መሰላቸው። ፍሙን ጎትቼ አወጣሁ።

ቤት ስደርስ ጸደንያ ቅባትና ፋሻ ይዛ ጠበቀችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። እዚያው ነበርኩ አለች።

የካቲት 2

ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሕይወት አተረፍክ ይሉኛል። የቶርኖ ቤቱ ቀልደኛም ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያው ጋዜጠኛ ሐሙስ ቤቴ ሊመጣ ነው፣ ከእኔ ጋር ሊነጋገር። ወጋየሁ አልደወለም። ከቤት አልወጣም አሉ።

ደስ ብሎኛል። ለማን እዋሻለሁ? ስሙን የለጠፈበትን ሳህን ራሱ ነቅሎ ሲያወጣ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ነው ምሳ የበላሁት።

የካቲት 4

ጸደንያ ከሥራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን ከፈተች። ተረኝነቷን ቀይራ ነው ለካ የሄደችው፣ ወጋየሁ ብቻውን እንዳይሆን ብላ። እኔን ከበሩ አጠገብ አላየችኝም። ከገመዱ ሥር፣ ሕፃናቱ መሐል ተቀምጣ ስትቀርጽ ነው ዘልዬ የገባሁት። ከቦይለሩ አንድ ክንድ ተኩል ቢርቃት ነው።

ምስሉ ይሄዳል። ተንበረከክሁ። ቁልፉ ዳዶው ላይ ገባ። ያን ጊዜ ምስሉን አቆመችው።

“እዚህ ጋ ቁልፉ ገብቷል። አባ፣ ምን እየጠበቅክ ነበር?”

ዳዶው በሙቀት ይዞ ነበር አልኳት። በደንብ አየችኝ። ከእኔ ጋር ብረት ስትፈታ ነው ያደገችው። እሺ አለች። ተነሥታ ሄደች።

የካቲት 5

ስልኳን ረስታ ወጥታ ነበር። ቅጂውን ከፍቼ ቆጠርኩት። ቁልፉ ከገባ እስክፈታው አርባ አንድ ሰከንድ። መርፌው ስድስት ተኩል አልፏል። ምስሉ ላይ ፊቴ ይታያል። እየሳቅሁ ነው።

የካቲት 6

ጋዜጠኛው መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም።

የካቲት 8

ወጋየሁ ባቡሯን በፒካፕ ላከልኝ። ሳህኑ ተነቅሏል፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ አለ። ደብዳቤ የለም፣ መልእክት የለም። ምን እንደጠበቅሁ እሱ ያውቃል፣ ጸደንያም ታውቃለች። ባቡሯን ሳሎን ጥግ አስቀመጥኳት። የብር ዘንጉ መጥቷል። አልበየድኳትም።

ጸደንያ ምሳ አቅርባልኝ አብራኝ አትቀመጥም። ትላንት በሩ ላይ አስቆምኳትና እዚያ እንዳለሽ አላወቅሁም አልኳት። አንቺን ባይሽ ኖሮ ያን ጊዜውኑ እፈታው ነበር አልኳት። የሚያጽናናት መስሎኝ። እንባዋ ወረደ።

እንባዋ ዛሬ ነው የገባኝ። ከገመዱ ሥር የነበሩትን ሌሎቹን ልጆች አይቻቸው ነበር።