ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ሄደ ስለተባለው ቤታችን

ለክቡር አቶ ሬይንደርት ፋን ሎን
የሃርመርዳም ከተማ የቦዮችና የቤት መሠረቶች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም እግርዎ ደህና ነው? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሌላውን እግር ሲጠይቅ ከልቡ ነውና እንደ ወግ አይቁጠሩብኝ። እኔ ቲመን ፍራንሰማ ነኝ፤ ቤቴ በቆዳ ፋቂዎች ቦይ ዳር፣ ከድልድዩ ሁለተኛው ነው። የተወለድኩት በጭነት ጀልባ ላይ ስለሆነና ጀልባችንም ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆማ ስለማታውቅ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ የሚስቴ እህት ሀርማ ናት። ስድብ ስናገር እጇ ይዝላል፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ጨዋ ሆኖ የሚያገኙት ቃል ሁሉ የእሷ፣ የቀረው የእኔ መሆኑን ይወቁልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ውሃው አመሰግናለሁ። ቤቶቻችን የቆሙት አያቶቻችን ጭቃ ውስጥ በቀበሯቸው የጥድ ግንዶች ላይ እንደሆነ፣ ግንድ ውሃ ውስጥ እስካለ እንደማይበሰብስ፣ አናቱ አየር ያገኘ ዕለት ግን እንደ ራሰ ዳቦ እንደሚፈረፈር በከተማችን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ክቡርነትዎ ከመሬት በታች ለተሠራው አዲሱ መኪና ማቆሚያ ሲሉ የቦዩን ውሃ ዝቅ አስደረጉት። መኪኖቹ እግራቸው ሳይርስ በማደራቸው ደስታችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለላኩልን መሐንዲስ አመሰግናለሁ። አስተዳደግ ያለው ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ቀይ ብርሃን የሚረጨውን የውሃ ልክ መሣሪያውን ከሳሎኑ መካከል፣ ከምድጃው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ዜሮው እዚህ ነው አለና ከዚያ ተነስቶ እስከ ግድግዳዎቹ ለካ። በመከር ለካ፤ በጸደይ ተመልሶ ከዚያው ድንጋይ ተነስቶ ለካ። ምድጃው ከነጭስ ማውጫው የቤቱ ሸክም ነው፤ የሚሰምጠውም እሱ ነው። ከሚሰምጥ ነገር ላይ ተነስቶ ለሚለካ ሰው ደግሞ የቀረው ሁሉ ሽቅብ የሚሄድ ይመስለዋል። ክቡርነትዎ የፈረሙበት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «በቦዩ በኩል ያለው ግድግዳ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ከፍ ብሏል፤ የመስመጥ ምልክት አልታየም።» ሀርማ ደጋግማ አነበበችልኝ። በዚህ አገር ቤት ሲሰምጥ እንጂ ሲያድግ ታይቶ አያውቅም፤ ሲያድግ የታየው በእርስዎ ዘመን ነው። ጎረቤቶቼ ምን እያጠጣኸው ነው እያሉ ይጠይቁኛል፤ ውሃውንማ ወስደውብናል እላቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሚስቴ። ያኮሚና ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። የተወለደችው በዚያ ቤት ስለሆነ ወለሉን በእግሯ ታውቀዋለች። ማንም ሳይለካ ምድጃው ጋ መጎድጎዱን የነገረችን እሷ ናት። ይህንኑ በከተማው አዳራሽ ክንዴን ይዛ ተነስታ ስትናገር ክቡርነትዎ በማይክሮፎን «እማማ፣ ያዘነበለው ወለሉ ሳይሆን ዕድሜዎ ነው» አሏት፤ አዳራሹም ሳቀ። እሷም «ልጄ፣ ዕድሜ ቢሆንማ በሄድኩበት ሁሉ ያዘነብልብኝ ነበር፤ የሚያዘነብልብኝ ምድጃው ጋ ብቻ ነው» ብላ መለሰችልዎ። ሳቁ ስለዋጣት የሰማኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ከተማው ይስማት።

ከዚያ በኋላ እዚያው ምድጃው ጋ ወደቀች፤ ዳሌዋም ተሰበረ። ዛሬ ያለችው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። የመጦሪያው ሰዎች ወለሉ ሳይስተካከል ቤቷ አትመለስም ይላሉ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሳንቃ አይነቀልም፣ ላልሰመጠ ወለል ደግሞ የጥገና ፈቃድ የለም ይላል። ሚስቴ በዚህና በዚያ መካከል የማታውቀውን ግድግዳ ስትዳብስ ትውላለች። በሄድኩ ቁጥር መቼ ነው የምትወስደኝ ትለኛለች። እዚህ ላይ ሀርማ ብዕሯን አስቀመጠች፤ አንሺው አልኳት።

አራተኛ፣ ክቡርነትዎም ቅሬታ አለዎት። አሁን የማድርባትን አሮጌዋን ጀልባዬን ከቦታዋ አንቀሳቅሼ በመኖሪያ ቤትዎ የአትክልት ስፍራ ዳር እንዳሰርኳት፣ ነጭ የሽርሽር ጀልባዎም መውጫ አጥታ በጋውን ሙሉ እንደ ታሰረች ፍየል መዋሏን ጽፈውልኛል። ክሱን በጥሞና መርምሬዋለሁ። መሐንዲስዎ እንዳስተማረኝ ከጀልባዬ ምድጃ ተነስቼ እስከ አልጋዬ፣ ከአልጋዬም እስከ መሪው ለካሁ። ሁሉም ድሮ በነበረበት ነው። ስለዚህ ጀልባዬ አልተንቀሳቀሰችም። ምናልባት ቤትዎ ወደ እኔ መጥቶ ይሆናል፤ ሽቅብ የሚሄድ ቤት ባለበት ከተማ ወደ ጎን መሄድ ምን ያቅተዋል?

የምፈልገውን ልንገርዎ። ዜሮውን ከቤቴ ያውጡልኝ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ከተቸነከረው የከተማው ከፍታ መነሻ የናስ ምልክት ተነስተው ያስለኩ፤ ምድጃው የት እንደደረሰ ያን ጊዜ ያዩታል። ከዚያ ፈቃዱን ይስጡ። ሚስቴንም በዚያው አዳራሽ ቆመው ይቅርታ ይጠይቋት። መጋቢያችን እስከዚያው አንተ ይቅር በላቸው ይሉኛል። ደግ ሰው ናቸው፤ ቤታቸውም አልሰመጠም። እኔ ግን አልልም። ሀርማ ይህን እናለዝበው ብላኝ ነበር፤ እንዳለ ይውጣ።

ቤትዎ ቀጥ ብሎ፣ እንቅልፍዎ ግን አዘንብሎ እንዲኖር ሌት ተቀን የሚጸልይልዎ፣ በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቱን ያተመ፣

ቲመን ፍራንሰማ
የጭነት ጀልባ መሪ የነበረ፣ አሁን ጎረቤትዎ

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ የመጦሪያው ነርስ ጀልባዬ ላይ ወጥታ ወለሉን አይታ ልክ ነው ብላለች። ቤቷ እስኪስተካከል ድረስ ያኮሚና ከሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር እዚህ ትኖራለች። አልጋዋን ከመኝታ ቤትዎ መስኮት ትይዩ አድርጌላታለሁ። ጎህ ሳይቀድ የምትነሳ ሴት ናት፤ ጆሮዋ ስለከበደም ስትዘምር ድምፅ አትቆጥብም። መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች፤ አንዱንም አትዘልም።