እሺ ስላላለው ተረከዝ

ለተከበሩ የሕፃናት አካል ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዲሰነብት፣ በተለይም ጉልበትዎና ቁርጭምጭሚትዎ ሳይለመኑ እንዲታዘዙልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልመሰለኝ በአደባባይ መጻፌን በቅን እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ። ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የጡንቻ መደንደን ያለባትን የልጅ ልጄን የማሳድግ ሽማግሌ ነኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

አንደኛ፦ ባለሙያዎ ልጅቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጉልበቷ እንደታጠፈ የእግሯን መዳፍ ወደ ላይ ቢገፉት በቀላሉ ስለተነሣላቸው፣ ቁርጭምጭሚቷ ደህና እንደሆነና በእግር ጣቶቿ ጫፍ የምትራመደው በእልህ እንደሆነ ነግረውናል። ስለ ምስራቹ አመሰግናለሁ። የባት ጡንቻ ከጉልበት በላይ ጀምሮ ተረከዝ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጉልበት ሲታጠፍ እንደሚላላ፣ ሲዘረጋ ግን ተረከዝን ይዞ እንደሚነሣ ያስረዳችን የራስዎ ክፍል ባለሙያ ነበረች፤ እርስዎ ወደ ሌላ ቦታ ያዛወሯት። የልጅ ልጄ እንደማንኛውም ሰው የምትራመደው ቆማ ነው።

ሁለተኛ፦ ለመራመጃ እንዲሆናት ክፍልዎ የሠራላት የፕላስቲክ የእግር ድጋፍ ቅርጽም በዚያው በታጠፈ ጉልበት ተወሰደ። ስትቀመጥ ልክክ ይላል። ስትቆም ተረከዟ ከውስጡ ተነሥቶ ማሰሪያው የእግሯን ቆዳ ይልጠዋል። ለመቀመጫ የሚሆን መራመጃ የሠራ ክፍል ከእርስዎ በፊት መኖሩን አልሰማሁም።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ለመጻፍ ይከብደኛል። ባለሙያዎ እግሯን ድንገት ገፍተው ባቷ ሲደነድን፣ እሺ በይ እንጂ ብለው ተቆጧት። ያ ጡንቻ ሲያጣድፉት ይደነድናል፣ በዝግታ ሲይዙት ይለቃል፤ በየማለዳው በእጄ ስለምይዘው አውቀዋለሁ። ከሰው ጋር ትዕግሥት የለህም ይሉኛል፣ እውነት ነው፤ ለዚያ ባት ግን አለኝ። ልጅቱ በራችን ላይ ስንደርስ፣ «አባባ፣ እኔ እኮ እሺ ብያለሁ፤ እግሬ ነው እሺ ያላለው» አለችኝ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ለእርስዎ ጻፍኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልራመድም ብላለች። ኮሪደሩ ላይ የጣቶቿ ኮቴ ስለማይሰማ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ለሥራ የሚመች ጸጥታ ነው፣ እርስዎ ይወዱት ነበር። ባት ካልተዘረጋ ያጥራል፤ እያጠረ ከሄደ መቆምም ይቀራል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ልጅቱ ቆማ ትታይ፣ ቅርጹም ጉልበቷ ተዘርግቶ፣ እግሯ በዝግታ ተይዞ እንደገና ይወሰድ።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ስለ አረማመዳችን ለሚያስቡልን ለእርስዎ ያለኝን የማይታጠፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መቀመጫ በሌለው መጠበቂያ ክፍልዎ ቆሜ መጠበቅ የለመድኩ፣

የልጅቱ አያት

ተጨማሪ፦ ጸሐፊዎ ደውላ፣ እኔ ነገር ስለማበዛ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልጅቱ ከሌላ የቤተሰብ አባል ጋር እንድትመጣ መወሰንዎን በትሕትና ነግራኛለች። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ዘመድም ጎረቤትም በየተራ አስቤ ሰው አጣሁ። ቢሮዎ ፈልጎ ካገኘልን ግን ያ ሰው እስከ ቀጠሮው ቀን ሳይቆይ ቶሎ ቢመጣልን ደስ ይለናል፤ እኛም እኮ ሰው ካጣን ቆይተናል።