ለድረ ገጽ የተሰጠ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ይልማ በላይ
የቆላ ጮራ የሕዝብ መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አላህ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤትዎ በረከት፣ ለቢሮዎ ማራገቢያም የማይቋረጥ መብራት እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። በዚህ የሮቢት ሙቀት የእርስዎ መድከም የከተማው ሁሉ ጉዳት ነው።

እኔ የማሾ ነጋዴው አብዱልፈታህ ሰዲቅ ነኝ። በማትሪክ ውጤቷ ያኮራችን ልጄ ሲሃም ለነርስነት ትምህርት በኢንተርኔት ለመመዝገብ ሰኞ ዕለት ወደ ማዕከልዎ ብትመጣ፣ ኮምፒውተሩ የኮሌጁን ድረ ገጽ አላምነውም ብሎ መለሳት። ስለተደረገላት መስተንግዶ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎ ወይዘሪት ቅድስት እንዳስረዱን፣ በኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ሩት ሰርተፍኬት የሚባል የታመኑ መስካሪዎች ዝርዝር አለ፤ ድረ ገጽ የሚታመነውም ከእነዚህ አንዱ ሲመሰክርለት ነው። ዝርዝሩ ካልታደሰ የድሮዎቹ ጊዜያቸው ያልፋል፣ አዲሶቹንም ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም። እርስዎ ግን ኔትወርክ ይበላል በማለት ማሻሻያው ሁሉ እንዲዘጋ በ2002 ዓ.ም. አዝዘዋል፤ ዛሬ 2009 ነው። ሌላ ትእዛዝዎ እንዲህ በትጋት ሲፈጸም አይተን አናውቅም።

ሁለተኛ፣ ወይዘሪት ቅድስት ላድሰው ብለው ፈቃድ ቢጠይቁ እርስዎ ጉዳዩን ለዓርቡ ግምገማ አስተላለፉት። ምዝገባው የሚዘጋው ሐሙስ ነበር።

ሦስተኛውን የምጽፈው እየሳቅኩ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ድረ ገጹ ታማኝ ለመሆኑ ማህተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ እንድናመጣ አዘዙ። እኔም ሞኙ ሄጄ ተሰለፍኩ። ቀበሌውም «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ድረ ገጽ የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆን ጸባዩም መልካም መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ አተመልኝ። እርስዎም ተቀብለው ኮምፒውተሩ ላይ አስለጠፉት። ኮምፒውተሩ ግን ማህተም አያከብርም።

በመጨረሻው ቀን ጣርማ በርን አቋርጠን ኮሌጁ ያለበት ደብረ ብርሃን ስንደርስ ምዝገባው ተዘግቶ ጠበቀን። ሲሃም ዛሬ ሱቄ ውስጥ ማሾ ትለቅማለች። ተቆጥቻለሁ፤ ከቁጣዬ ይልቅ ግን ሐዘኔ ይበልጣል።

ለማይናወጥ ውሳኔዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ እየገለጽኩ፣ የማዕከልዎ ባለውለታ ሆኜ እቀራለሁ።

አብዱልፈታህ ሰዲቅ፣ የሲሃም አባት

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሪት ቅድስት ቅዳሜ ዕለት ያለ ፈቃድዎ ዝርዝሩን አደሱት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው። ለዚህ ጥፋታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ እርስዎ ሁለት ቀን ፈጅቶብዎታል አሉ። ልጄ የምትጠብቀው አንድ ዓመት ነው።