ያልፈረምሽበት ካርድ

ይድረስ ለቀድሞ ባልደረባዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ጉንፋኑ አልለቅ ብሎኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። የመምህራን ክፍላችንም ያው ነው፤ መስኮቱ ዛሬም አይዘጋም። ዊንዶው ማለት በጥንቱ ቋንቋ የነፋስ ዓይን ነው ብለሽ የጻፍሽው ካርድ ትዝ ይለኛል።

የእንግሊዝኛ ቃላትን መነሻ የጻፍንባቸው ካርዶቻችን ሁለት የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። መስል፣ ማለትም ጡንቻ፣ ትንሽ አይጥ ከሚል ቃል መምጣቱ፣ ናይስ ድሮ አላዋቂ ማለት እንደነበር፣ ሁሉም አሉ። ዳይሬክተራችንን በፊታቸው ናይስ ሰው እኮ ናቸው እያልሽ ስታሞግሺያቸው፣ እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛ ስር ያልወደቀ ብዕር እፈልግ ነበር።

ሕጋችንን መቼም አትረሺውም። አንዳችን የጻፍነውን ሌላችን መጽሐፍ አገላብጠን ካልፈረምንበት፣ ካርቶኑ ውስጥም አይገባ፣ በትምህርት ቤቱ መጽሔትም አይወጣ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የዛሬ ስድስት ዓመት የወጣውን የሲንሲርን ካርድ በአንቺ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ። ትርጉሙ ሐቀኛ፣ ከልብ የሆነ ነው፤ እሱስ ልክ ነው። መነሻውን ግን፣ የጥንት ሐውልት ጠራቢዎች ስንጥቁን በሰም ይደፍኑ ነበር፣ ሐቀኛው በላቲን «ሲኔ ሴራ»፣ ሰም የለበትም ብሎ ይሸጥ ነበር ብዬ ጻፍኩ። አንቺ ይሄ ተረት ነው፣ ማስረጃ አምጣ ብለሽ መለስሽልኝ። እውነትሽን ነበር፤ ቃሉ የመጣው ንጹሕ ከሚል የላቲን ቃል ነው። አንቺ የሦስት ቀን ፈቃድ ወጣሽ፣ መጽሔቱም ለማተሚያ ቤት ሊሄድ ሆነ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ፈረምኩልሽ።

መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ከትምህርት ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ ስህተቱን አንስቶ በሁላችን ፊት ሲያላግጥብን ዳይሬክተሩ በአንቺ ላይ ዞሩ። የጻፈ ሰው ይሳሳታል፣ አረጋጋጯ ምን ስትሠራ ነበር አሉ። ካርዱን አየሽ፤ እኔን አየሽኝ፤ አዎ፣ ፊርማው የእኔ ነው አልሽ። ወደ ታችኛው ክፍል አወረዱሽ፤ በዓመቱ ለቀሽ ሄድሽ። እኔ ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ፈተና አርም ነበር። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ባለፈው ወር ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ አሉኝ። ማስተካከያው በስሜ ወጥቷል፤ አንድ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ታችኛው ክፍል የማስተምረው አሁን እኔ ነኝ። ልጆቹ ጆሮ ያደነቁራሉ፤ ደስ ግን ይላሉ።

ለምን ፈረምክ ብትዪኝ፣ ለዝና አልነበረም። ፈቃድ የወጣሽው ለቀለበትሽ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። ከመመለስሽ በፊት የእኔና የአንቺ ስም አንድ ገጽ ላይ፣ ጎን ለጎን ታትሞ ማየት ፈለግኩ። ይኸው ነው።

ይቅር በይኝ። ትዳርሽን ይባርክልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አታሳዪው።

ከጎንሽ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባሽ