በሥራ ቀን የማይዋጥ ኪኒን

እሁድ፣ ጥር 9 ቀን

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ አለን። አባዬ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ጨው ከጠረጴዛው ተነስቶ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጥቷል። ሾርባው ውሃ ውሃ ይላል ብዬ ሳጉረመርም እማዬ ምላስህ ይለምደዋል፣ አትሞላቀቅ አለችኝ። አመሻሽ ላይ በእግር እንወጣለን። እሷ ከፊት ትፈጥናለች፣ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ። ያየን ሰው ሽማግሌው እኔ የሆንኩ ሳይመስለው አይቀርም።

ትናንት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። የደም ግፊት ለገባባቸው ቤተሰቦች ትምህርት ይሰጣል። ነርሷ ስለ ጨው፣ ስለ ሲጋራና ስለ እንቅልፍ ነግራን ስታበቃ፣ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው በቤታችሁ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እማዬ ተነሳች። ኪኒኑ ሽንት ቶሎ ቶሎ እያመጣበት፣ አውቶቡሱን ባቆመ ቁጥር ተሳፋሪው እያጉረመረመበት፣ አባዬ በእረፍት ቀኑ ብቻ ይውጥ እንደነበር ተናገረች። የመኪናውን ዘይት ማየት ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ነርሷ ግን ሹፌር መሆኑን ለሐኪሙ ነግሮት እንደሆነ ጠየቀቻት። አልነገረውም። ቢነግረው ኖሮ የሚውጥበት ሰዓት ሊቀየርለት፣ ወይም ሌላ ዓይነት ሊታዘዝለት ይችል እንደነበር በቀስታ አስረዳቻት።

«ይኸው ብቻ ነበር?» አለች እማዬ፤ ቁጭ አለች።

ከሰዓት በኋላ አንተ ደወልክ። እማዬ ለአንተም ስለታዘዘልህ የግፊት ኪኒን ስትጠይቅህ «የጭነት መኪና እኮ የትም አይቆምም፣ እማዬ። ስመለስ እውጠዋለሁ» ብለህ ቀለድክ። እሺ የኔ ልጅ ብላህ ዘጋችው። ከዚያ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የአባዬን የሥራ ጃኬት አውርዳ ኪሱን ዳበሰች። ያልተነካ ኪኒን ወጣ።

ወንድም ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። በስልክ ብነግርህ ትስቅብኛለህ፤ እኔም አብሬህ እስቃለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። ክፍል ውስጥ መምህሩ እያስረዳ እኔ የማስበው አንተ የምትወጣውን ዳገት ነው። የማናውቀው ቁጥር ሲደውል እማዬ ስልኩን ለኔ ትሰጠኛለች። የአባዬ ረዳት «መነኻሪያው ውስጥ መሪው ላይ ተደፋ» ያለኝ በማናውቀው ቁጥር ደውሎ ነው። ሁለተኛ እንዲያ ያለ ስልክ ማንሳት አልችልም።

እባክህ በምታድርበት ከተማ ሐኪም ዘንድ ግባና ሹፌር ነኝ በለው። ሌላውን እሱ ያውቃል። እስከዚያው የታዘዘልህን ዋጥ፣ ሽንት ሲመጣብህም ጥግ ይዘህ ቁም። ባለ ዕቃው ይቆጣ። ስትደውል መጀመሪያ «ውጫለሁ» በለኝ፣ ሰላምታው ይደርሳል።

ጤናውን ይስጥህ፣ መንገዱንም ያቅናልህ። ግን እየቆምክ ሂድ።

ስልኩ አጠገብ የሚያጠናው
ታናሽ ወንድምህ