እስከ ገጽ 187 ያደረሰን ድምጽ፦ በወይዘሮ ነጂባ ዘካሪያ ሕልፈት የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ደሴ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቧንቧ ውሃ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ለሠላሳ ሁለት ዓመታት ያገለገሉት ባልደረባችን ወይዘሮ ነጂባ ዘካሪያ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለአንባቢዎቹና ለሕዝቡ የሚያሳውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ይህን መግለጫ ለማውጣት ስምንት ቀን ፈጅቶብናል። መረጃ አጥተን አይደለም። የሠሩትን ቆጥረን ስንጨርስ ቁጥሩን ማመን አቅቶን፣ እንደገና ከአንድ ስለጀመርን ነው።

ወይዘሮ ነጂባ በ1960 ዓ.ም. በቃሉ ወረዳ ሐርቡ ተወለዱ። በ1985 ዓ.ም. በመጽሐፍ ውሰት ክፍል ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ሲያውሱና ሲረከቡ ኖሩ።

በ2009 ዓ.ም. ሁለት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ከኮምቦልቻ መጡ። ወይዘሮ ነጂባ አነበቡላቸው። በሳምንቱ የመጡት ስድስት ነበሩ። ለሁሉም በየቀኑ ማንበብ እንደማይቻል ሲያዩ በገዛ ስልካቸው ድምጻቸውን መቅዳት ጀመሩ። እውነቱን እንናገር፤ ተቋሙ ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ትርፍ ሥራ ነበር የቆጠረው። ክፍል ሲጠይቁን የሰጠናቸው የተቀደዱ መጻሕፍት የሚጠገኑበትን ጠባብ ክፍል ነው። የባጃጅ ጡሩምባ እንዳይገባ መስኮቱን ከቤታቸው ባመጡት ብርድ ልብስ ሸፍነው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ተማሪዎቹ የያዙት ተራ የቁልፍ ስልክ መሆኑን ስላወቁ አንዱን ገጽ አንድ ፋይል አደረጉት። ገጽ 43ን የሚፈልግ ተማሪ የስልኩን ቁልፍ እየተጫነ ወደፊት ይሄዳል፤ የት እንደደረሰም ወዲያው ይሰማል። እያንዳንዱ ፋይል የሚጀምረው «አብሽሩ ልጆቼ» በሚለው የማበረታቻ ቃላቸውና በገጹ ቁጥር ነውና። ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

በ2010 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተማሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ ሙንዚር ሀፊዝ በአስተያየት መዝገባችን ላይ በጓደኛ እጅ ያስጻፉት ቃል ዛሬም አለ፦ «እትዬ ነጂባ፣ ‘ሥዕሉን ተመልከቱ’ ብለው አለፉ። ወላሂ ብዙ ተመለከትኩ፤ ምንም አልታየኝም።» ወይዘሮ ነጂባ አነበቡት፣ ሳቁ፣ ከዚያም እስከዚያ ቀን የቀዷቸውን ሠላሳ አንድ መጻሕፍት ሥዕልና ካርታቸውን እየተረኩ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና አነበቡ። ሠላሳ አንዱንም!

በካርታ ላይ ያሉትን የከፍታ መስመሮች ያስረዱበት ፋይል ለማንም ሰው ቢሰማ የሚደንቅ ነው። «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደፈንበትን ታውቁታላችሁ። ሾፌሩ ፍሬን የሚያበዛበት ቦታ፣ መስመሮቹ የተጠጋጉበት ነው። መንገዱ ሜዳ ሆኖ ተሳፋሪው ወሬ ሲጀምር፣ መስመሮቹ ተራርቀዋል ማለት ነው።» ዓይናማ ሆነን፣ ካርታ ስናይ የኖርን ሰዎች ካርታ ማንበብ የገባን ይህን ፋይል የሰማን ቀን ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ኮምፒውተሮቻችን ከነያዙት ሁሉ ጠፉ። ተስፋ ቆርጠን ሳለ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ቅጂዎቹን የጫኑበትን ሚሞሪ ካርዳቸውን ይዘው መጡ። እስከዚያ ከተቀዱት 160 መጻሕፍት 157ቱ በዚያ መንገድ ተመለሱ። ሦስቱን ወይዘሮ ነጂባ እንደገና አነበቧቸው።

በ2016 ዓ.ም. ቅጂዎቹ በኮምቦልቻ ለሚገኙ የፋብሪካ ሠራተኞችም ደረሱ፤ ዓይናቸው ጤነኛ ሆኖ ለማንበብ ጊዜ ያጡ ሁሉ ማዳመጥ ጀመሩ። ሥራው በጠቅላላ 214 መጻሕፍት፣ ከሠላሳ ስምንት ሺህ በላይ ፋይሎች ሆኗል። የአንዲት ሴት ጉሮሮ ይህን ያህል መቻሉ አሁንም ይገርመናል።

የመጨረሻው ሥራቸው የ12ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር። በዚህ ዓመት መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና የሚጠብቃቸው ዘጠኝ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሌላ የሚያነቡበት መንገድ የላቸውም። ቅጂው ገጽ 187 ላይ፣ የአገራችን የዝናብ ስርጭት ካርታ ጋ ቆሟል። የተውልን ቃል ይህ ነው፦ «ይኼ ካርታ የተሠራው በቀለም ብቻ ነው። ቀለሙን በምን እንደምነግራችሁ ላስብበት። ነገ ኢንሻአላህ።»

ከቀብር መልስ ሰባት ሠራተኞች ካርታውን ከበን ተቀመጥን። ቀለሙን በቃል መግለጽ ሁለት ቀን ሙሉ አቃተን። «በስተግራ አረንጓዴ» ብለን የጀመርነውን ዛሬ የሕግ ባለሙያ የሆኑት አቶ ሙንዚር በስልክ ሰምተው፣ አረንጓዴው ምን እንደሚያደርግላቸው ጠየቁን። የጻፍነውን ሰረዝን። ወይዘሮ ነጂባ በየቀኑ፣ ብቻቸውን፣ ያለ ጩኸት ሲሠሩት የኖሩት ይህን ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከራሳቸው ዘንድ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያችን አቶ አግማስ በክረምት ቅጂዎች ላይ የሚሰማውን የጣሪያ ዝናብ ሊያጠፉት በፈለጉ ጊዜ፣ ወይዘሮ ነጂባ «ዝናቡን አትንካው፤ ክረምት መግባቱን ይወቁት» ብለው ከልክለዋቸው ነበር። በገጽ 187 ፋይል ላይ የካርታው ገለጻ አሁን በዚያ ዝናብ ይጀምራል። ቀጥሎም በየአካባቢው በቆርቆሮው ላይ ስንት ወር እንደሚሰማ ይናገራል፤ በኢሉባቦር በኩል አብዛኛውን ዓመት፣ በእኛ በወሎ በበልግና በክረምት፣ በአፋር ጥቂት ቀን ብቻ። አቶ ሙንዚር ሰምተው «አሁን ታየኝ» ብለዋል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ከሊድ ሰይድ፣ ለልጃቸው ለሰልዋ፣ ለመላ ቤተሰባቸውና ነጭ ዘንጋቸውን ይዘው ከኮምቦልቻ ለቀብር ለመጡት ልጆቻቸው ሁሉ አላህ ሰብሩንና መጽናናቱን ይስጣችሁ እንላለን። እሳቸውንም በጀነት ያኑርልን።

ለዘጠኙ ተማሪዎች፦ እስከ ገጽ 187 ያለው ሰኞ ይደርሳችኋል። ቀሪውን ሰባታችን በየተራ በዚያችው ክፍል፣ በዚያው ብርድ ልብስ ሥር እያነበብን ከፈተናው በፊት እንጨርሳለን። እንደሳቸው አይሆንልንም፤ የየፋይሉን መክፈቻ ቃል ግን ከሳቸው ወስደናል።

አብሽሩ ልጆቼ። ገጽ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት።

የቧንቧ ውሃ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች